ሐኪም ያዘዘውን የስልክ ምክር መድን ይክፈልልን?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፥ የወሎ ሰው በቅሬ ተሰባስቦ ኀዘኑን ሲካፈል ኖሯል። የጤና መድንም ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ ቅሬ ሰው ከሞተ በኋላ ሲደርስ፥ መድን ሰው ሳይሞት መድረሱ ነው።

በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከነዚህም አንዱ ከደሴ በላይ የሚገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ነበር። ዛሬ በእኛም ቤት የመድን ደብተር አለ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሲታመምም ይታከማል።

በሌላው ዓለም ግን መድን ከክኒን አልፎ ሄዷል። በጀርመን አገር በ2012 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፥ ሐኪም ለበሽተኛው የስልክ መተግበሪያ እንደ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል፤ ዋጋውንም የጤና መድኑ ይከፍላል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተፈቀዱት አንዱ ጆሮው ለሚጮኽበት፥ ሌላው በጭንቀት ለሚሠቃይ ሰው የተሠራ ነበር። ነገር ግን መተግበሪያው በእርግጥ እንደሚጠቅም በጥናት ማስረዳት ግዴታው ነው፤ ጊዜ ተሰጥቶት ማስረዳት ያቃተውም ከመዝገቡ ይሰረዛል።

ይህ ነገር ለእኛ ይበጃልን? እኔ የማውቀውን ልናገር። አያቴ የስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪማቸው ምግባቸውንና ክኒናቸውን በስልክ እንድንከታተል መከረን። ስልኩ የእኔ ነው፤ ዳታውንም የምሞላው እኔ ነኝ። አያቴ ማንበብ አይችሉምና፥ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በአፋን ኦሮሞ የምነግራቸው እኔው ነኝ። መተግበሪያው ስለ አጃ ገንፎና ስለ ባሕር ዓሣ ብዙ ያወራል፤ ስለ ማሽላ እንጀራ ግን አንድ ቃል የለውም። የስኳር በሽተኛ በረመዳን መጾም ይችል እንደሆነ ብንፈልግም አላገኘንም። ይሁን እንጂ ክኒናቸውን የሚወስዱበትን ሰዓት ስላስታወሰን አያቴ መርሳት ትተዋል። ይህን ጥቅም ልክደው አልችልም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «መድኃኒት ሳይሟላ ስለ ስልክ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ባለፈው ክረምት የአያቴ ክኒን ከሄድንበት ስለጠፋ፥ የመድን ደብተር ይዘን ከግል መድኃኒት ቤት በገንዘባችን ገዝተናል። ስለዚህ የመድኑ ገንዘብ አስቀድሞ ክኒኑን ያሟላ። ነገር ግን ክኒኑ ተገኝቶ በሽተኛው በሰዓቱ ካልወሰደው፥ መዋጮው በከንቱ ባከነ ማለት ነው።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። መድናችን ለየበሽተኛው ስልክ ይክፈል አልልም፤ ብዙዎች አያቶቻችን እንዲህ ያለ ስልክ የላቸውምና። ይልቁንስ ተመርምሮ ጥቅሙ የተረጋገጠ፥ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም በድምፅ የሚናገር፥ ምግባችንንና ጾማችንን የሚያውቅ መተግበሪያ ተመርጦ፥ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ይግባ። እነርሱ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው ፕሮግራም ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡን ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ከባቲም ሆነ ከጅሌ ጥሙጋ ገጠር ያለች እናት ስልክ ባይኖራት እንኳ ሐኪም ያዘዘላትን ምክር ከእነርሱ ታገኛለች። መድኑ መክፈል የሚገባው ለዚህ ነው።

በሚመጣው ዓመት ፈተናዬን ካለፍሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ስልኬም አብሮኝ ይሄዳል። ያን ጊዜ ለአያቴ ማን ያነብላቸዋል? ከእናንተም መካከል ይህንኑ ጥያቄ በልቡ የያዘ ተማሪ ብዙ እንደሚሆን አምናለሁ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ስለ መድን ጉዳይ በቀበሌ ስብሰባ ሲቀመጡ፥ ይህችን ጥያቄ እንዲያነሡልን በትሕትና አሳስባለሁ።