«የቁጠባ ባህል የለንም» ለሚሉን

በየመድረኩ የሚደመጥ አንድ አባባል አለ፤ ኢትዮጵያዊ የቁጠባ ባህል የለውም የሚል። ሹማምንት ይናገሩታል፤ የባንክ ማስታወቂያዎች ይደግሙታል፤ ከእኛ ከተማርን ከምንባለውም ብዙዎቻችን ራሳችንን እየነቀነቅን እንቀበለዋለን። ይህ ጸሐፊም ለዓመታት ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር። ዛሬ ግን ልሞግተው ተነሥቻለሁ፤ የምነሣውም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቴ የቁጠባ ደብተር ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ደሴ የነበረው የእናታቸው ቤት ተሸጦ ለወራሾች ሲከፋፈል፣ 300 ሺህ ብር ደረሳቸው። ሐሳባቸው በግቢያቸው ጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ሠርቶ ማከራየት ነበር። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ብሔራዊ ባንክ ብርን በ15 በመቶ ሲያዳክም፣ የቁጠባውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበርና፣ «በዚህ ዕድሜዎ ከግንበኛና ከሲሚንቶ ነጋዴ ጋር ምን አታገልዎ? ባንክ ያስቀምጡት፤ ሳይደክሙ ይወልድልዎታል» አልኳቸው። እርሳቸውም የተማረ ልጃቸውን አመኑ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 300 ሺህ ብር በ7 በመቶ ወለድ፣ ወለዱ ሳይነካ፣ ግብሩም ሳይታሰብ፣ በሰባት ዓመት 481 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ደብተሩን ገልጦ ለሚያየው ያስደስታል። ነገር ግን ገንዘቡ ሲቀመጥ አንድ ዶላር በባንክ 27 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ውርሱ 11 ሺህ ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት የባንኮች ምንዛሪ ወደ 120 ብር ተጠግቶ ነበር። ያ 481 ሺህ ብር 4 ሺህ ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ። «አባትህ ዶላር አይበሉ!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን በየማለዳው የሚውጡት የደም ግፊት መድኃኒት፣ ወጡ የሚሠራበት የፈረንጅ ዘይት፣ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ታክሲ የሚቀዳው ነዳጅ፣ ሁሉም በዶላር ተገዝተው የገቡ ናቸው።

ለመሆኑ የጎደለው ገንዘብ የት ገባ? እንደ ጉም ተኖ አልጠፋም። በግንቦት 2014 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ 37 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያ ወቅት በ7 በመቶ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ ከገንዘቡ አቅም ሩቡን ያህል ለተበዳሪው ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ተበዳሪውስ ማን ነበር? ከሁሉ በፊት መንግሥት ነው። የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ በሚወስደው ብድር ይሸፍን ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣ መመሪያም የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ ለሚሆነው የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ያስገድዳቸው ነበር፤ የተነሣው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከመንግሥት ቀጥሎ ደግሞ በርካሽ ተበድረው ሕንፃ የገነቡ ባለሀብቶች አሉ። በዚህ መንገድ ከተሰበሰበው ገንዘብ መንገድም፣ ግድብም፣ ፋብሪካም እንደተሠራበት አልክድም። ግን ምክር ቤት ተወያይቶ ያላጸደቀው ግብር ነበር፤ ከፋዮቹም በአብዛኛው ብር ከማስቀመጥ ሌላ መንገድ ያልነበራቸው ጡረተኞችና ደመወዝተኞች ናቸው።

ሕዝቡ ይህን ከእኛ ከተማርነው ቀድሞ አውቆታል። ዓመታት ሙሉ በባሕር ዛፍ እንጨት ተወጥሮ ሳያልቅ የሚታየውን ፎቅ ልብ በሉ። ባለቤቱ በተረፈችው ገንዘብ ሁሉ ብረትና ብሎኬት እየገዛ ይቆያል፤ ያ ቁጠባ ነው። ወርቅ ገዝታ ሣጥኗ ውስጥ የምታኖረው እመቤትም፣ ጥጃ የሚያደልበው ገበሬም ቆጣቢዎች ናቸው። በባንክ ሪፖርት ላይ አለመታየታቸው ባህል የላቸውም አያሰኛቸውም።

ዕቁብንም እንመልከት። ሃያ ሰዎች በወር አምስት አምስት ሺህ ብር ይጥላሉ እንበል፤ ዕጣ የወጣለት መቶ ሺህ ብር ያነሣል። ዋጋ ሲረጋ መጀመሪያ የደረሰውም መጨረሻ የደረሰውም በገንዘቡ አቅም ብዙ አይበላለጡም። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ በሚንርበት ዘመን ግን የመጨረሻው ባለዕጣ የሚያነሣው መቶ ሺህ፣ የመጀመሪያው ከገዛበት ዕቃ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይገዛል። ዕጣ የሚሸጡ ዕቁብተኞች ይህን ሒሳብ ያውቁታል፤ የቸኮለው ለቀደመው ተራ ዋጋ ይከፍላል፣ የሚጠብቀውም ለመጠበቁ ካሣ ያገኛል። ያ ካሣ እውነተኛ ወለድ ነው፤ የሚወሰነውም በመመሪያ ሳይሆን በዕቁብተኞቹ ስምምነት ነው።

ታዲያ አባቴ ክፍሎቹን ቢሠሩ ኖሮ ይድኑ ነበር ብዬ እጄን ልምታ? እዚህ ላይ አንድ ነገር መርሳት የለብንም። አያቴ ደሴ ውስጥ ሦስት ቤቶች ነበሯቸው፤ ሁለቱ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተወረሱ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ለኮሪደር ልማት ፒያሳን ጨምሮ ብዙ ሠፈር ፈርሷል። መሬቱ የመንግሥት በሆነበት አገር ቤትም ቢሆን የተማመኑበት ሁሉ የሚጸናበት ንብረት አይደለም። ደግሞም ሰው ድንገት ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ የጓሮውን ግማሽ ክፍል ቆርሶ መሸጥ አይቻልም።

ዛሬ አባቴ የደሴውን ገንዘብ ይዘው ቢመጡ የምላቸው ሌላ ነው። ገንዘቡን በሚፈለግበት ቀን ልክ ክፈሉት እላቸው ነበር። የስድስት ወር አስቤዛና መድኃኒት የሚገዛው ባንክ ይቀመጥ፤ ዋጋው እንደሚቀንስ እያወቅን፣ ለእንቅልፋችን የምንከፍለው ክፍያ ነው ብለን እንቁጠረው። የሚቀጥለው ዓመት የልጅ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ካለ፣ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ የሚቀበል ከሆነ አሁኑኑ ይከፈል። የቀረው ይከፋፈል፤ ከፊሉ ለአንዷ ክፍል፣ ከፊሉ ምናልባት ለአክሲዮን። ዕዳን በተመለከተ ግን ሰዉ ከሚለው እለያለሁ። «ብር እየወደቀ ነውና ተበደርና ግዛ» የሚለው ምክር ደመወዙ ከዋጋው እኩል ለማያድግ ሰው ወጥመድ ነው፤ ንረቱ ዕዳውን ከማቅለሉ በፊት የወር አስቤዛው ይበላዋል። በውጭ ያላችሁ ወገኖችም፣ ለወላጆቻችሁ መጠባበቂያ የምትልኩትን በአንድ ጊዜ ወደ ብር አስለውጣችሁ አታስቀምጡ፤ ሲያስፈልግ ሲያስፈልግ ላኩት።

ስለ አክሲዮኑ ጥቂት ልጨምር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለዜጎች አቀረበ። ዝቅተኛው 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ገዢዎቹ ከ47 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ። ይህንንም «ሕዝቡ አልገባውም» ብለው የተረጎሙት አሉ። እኔ ግን ሕዝቡ ጥያቄ ያለው ይመስለኛል፦ ትርፉን ማን ይወስናል? ዘጠና በመቶውን የያዘው መንግሥት ከእኔ ከትንሹ ባለድርሻ ጋር ባንስማማ የት እከሰዋለሁ? የፈለግሁ ዕለት ለማን እሸጠዋለሁ? የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነበር። ሆኖም ገበያ ተከፈተ ማለት ገዢና ሻጭ በየዕለቱ ይገናኙበታል ማለት አይደለም። መሸጥ ያልቻልነውን አክሲዮን ለክፉ ቀን አስቀምጠናል ብንል ራሳችንን እናታልላለን።

እንዲህም ሆኖ፣ ሽያጩ ሊዘጋ ሲል አባቴ ራሳቸው ጠርተውኝ 33ቱን ይግዙ ዘንድ እንዳግዛቸው ጠየቁኝ። በቴሌብር ገዛንላቸው። ክፍያው ሲያልቅ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ቢያገላብጡት፣ «ወረቀቱ የታለ?» አሉኝ። ወረቀት እንደሌለው፣ ሁሉም በስልኩ ውስጥ እንደተመዘገበ አስረዳኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው የቁጠባ ደብተራቸውን አስመጡና በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ፣ ለተማሪዎቻቸው በጥቁር ሰሌዳ ይጽፉበት በነበረው ደርባባ የእጅ ጽሕፈት፣ የአክሲዮኑን ብዛት፣ የከፈሉትን ብርና ቀኑን ጻፉ። ከሥሩም እኔ እንድፈርምበት ብዕሩን ሰጡኝ። ፈረምኩ።