ጉም ያለበት ካርታ

ጥፋቱ የታናሽ ወንድሜ ነው። ማክሰኞ ማታ ከሆስፒታል ልምምድ ወጥቼ በ17 ቁጥር ትራም ኦስዶርፕ ስደርስ እግሬ አብጦ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ «ነይ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል!» አለኝና ላፕቶፔን አስከፈተኝ። ስቶርምጌት የተባለው ጌም ዲሞ ከፌብሩዋሪ 5 እስከ 12፣ 2024 በስቲም ላይ በነጻ ተለቆ ነበር፤ ሦስት ሰው ተባብሮ ኮምፒውተሩን የሚገጥምበት ክፍል አለው። ሁለቱ ወንድሜና ጓደኛው ናቸው። ሦስተኛዋ ማውስ በቅጡ የማትይዘው እኔ።

እንዲህ ዓይነቱን ጌም ለማታውቁት፦ ተራ የሚባል ነገር የለም። እናንተ ማዕድን እያወጣችሁ፣ ሕንጻ እየሠራችሁ፣ ወታደር እያሠለጠናችሁ ሳለ ጠላትም በዚያው ሰዓት ያንኑ ያደርጋል። ቁጭ ብላችሁ ካሰባችሁ ተቀደማችሁ። ፍሮስት ጃያንት የተባለውን ድርጅት በ2020 ያቋቋሙት ከብሊዛርድ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ስታርክራፍት 2 ላይ ስለሠሩ ዝምድናው ከሩቅ ያስታውቃል። ታሪኩ ገና በሚመጣ ዘመን ነው። ኢንፈርናል የሚባሉ ሰይጣን መሳይ ፍጡራን ከሌላ ዓለም መጥተው ምድርን ወርረዋል፤ ቫንጋርድ የሚባለው የሰው ልጅ ጦር በማሽንና በሮቦት ይመክታቸዋል። ሦስተኛ ወገን ይመጣል ተብሎ ነበር፣ በዲሞው ግን አልነበረም።

ወደድኩት? አዎ፣ ከጠበቅኩት በላይ። ያዘዛችሁትን ወዲያው ያደርጋል፤ ለጀማሪም ብዙ አይከብድም። መልኩ ግን የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ ዓለም ጠፋች እየተባለ ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል። ቦብ የሚባለው ሠራተኛ ሮቦትና ለቅኝት የሚላከው የብረት ውሻ ባይኖሩ ኖሮ የማንም መሞት ባላሳዘነኝ።

ቁስለኛ የሚያክመው ወታደር ሜድቴክ ይባላል። ነርሲንግ የምትማር ልጅ ምን እንደምታደርግ መገመት አያቅታችሁም፦ በላይ በላዩ ሜድቴክ ማውጣት ጀመርኩ። ወንድሜ ጮኸ፦ «ታዲያ ማን ሊዋጋ ነው?» ሜድቴክ እጁን አይታጠብም፣ የታካሚውን ስም አይጠይቅም፣ ሪፖርት አይጽፍም፤ ቁስለኛው አጠገብ መድረሱ ብቻ ይበቃዋል። ቀናሁበት። አንድ ነገር ግን ጌሙ በትክክል ይዟል። ዎርድ ውስጥ ሦስት ደወል ባንዴ ሲጮህ የነርሷ ችሎታ መሮጥ አይደለም፤ የቱን ለጊዜው እንደምትተው ማወቅ ነው። እዚህም ጣታችሁ ቢፈጥን ባይፈጥን፣ የምትሸነፉት ዓይናችሁን ባላሳረፋችሁበት ጥግ ነው።

አባቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ዜና እያየ ነበር። ዞር ብሎ ትንሽ አየንና «ይሄማ ወረራ ነው» አለ። የኢንፈርናሎቹን ማለቱ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አያቱ ይጫወቱት የነበረውን ሰንጠረዥን፣ የጥንቱን የአገራችንን ቼዝ ማለቱ ነው። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ አይጠበቅም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህ ክፍል ነው ወረራ የሚባለው። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሐሳቡን ይለውጣል። ተራ የሚገባው ከመጀመሪያው መበላላት በኋላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ሳይቀር ስለ ጨዋታው ጽፏል። እንግዲህ ወንድሜ አዲስ ግኝት ያስመሰለው ነገር ለኛ ሰዎች አዲስ አልነበረም። (ወንድሜ አላመነም፤ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ፣ ከዚያ ዝም አለ።)

ልዩነቱ ጉሙ ነው። ሰንጠረዥ ላይ የተደበቀ ነገር የለም። ስቶርምጌት ላይ ግን ወታደር የሌላችሁበት ቦታ ሁሉ ይደበዝዛል። መሬቱ ይታያል፣ መጨረሻ ያያችሁት ሕንጻም እንደቆመ ይታያል፤ አሁን እዚያ ምን እየሆነ እንዳለ ግን አይታይም። ከጌሙ ሁሉ እውነት የመሰለኝ ይሄ ነው።

አክስቴ ጎንደር ናት። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር የቀረን ተራው ስልክ ነበር፤ እሱም ሲገኝ። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። በስልክ ሌላ ምን ትበል? እናቴ ዘንድ ያለው የመጨረሻው ፎቶ አዲስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የግቢ በር ነው። ቀለሙ ይኑር ይላጥ አናውቅም። እኛ ቤት ያለችው ጎንደር የኦገስት ጎንደር ናት።

ለዚህ ነው እኛ ውጭ ያለን ልጆች ቲክቶክ ላይ ካርታ ቀለም እየቀባን «ይቺ ተያዘች፣ ያቺ ተለቀቀች» ስንል የሚያሳፍረኝ። ጉም የሌለ ይመስል! እኔም አድርጌዋለሁ። በ2021፣ በ17 ዓመቴ፣ ቀስት የተሳለበት የትግራይ ካርታ ከጡንቻ ኢሞጂ ጋር ስቶሪዬ ላይ ለጠፍኩ። የክፍሌ ልጅ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ የነበረች፣ አያቷ ቀስቱ ጫፍ ላይ ያለው ከተማ ውስጥ ነበሩ። ያኔ እዚያ ስልክም ተቋርጦ ነበር፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ለወራት አላወቀችም። ምንም አላለችኝም። ካንቲን ውስጥ የምትቀመጥበትን ቦታ ብቻ ቀየረች። የሷ ጉም ምን ያህል ድፍን እንደነበር የገባኝ ተራው እኛ ቤት ሲደርስ ነው።

ወንድሜ «ጌም ነው፣ አታካብጂ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ጌሙ ምን አጠፋ? እንዲያውም ከኛ ይሻላል። እዚያ ሳያይ ጦር የላከ ይሸነፋል፤ ውሻውን ሳልልክ ስለገባሁ ሁለቴ አልቄያለሁ። እኛ ግን ኒው ዌስት አልጋችን ላይ ተኝተን ያላየነውን ብናወራ የምንሸነፈው ነገር የለም። የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ሙሉው ጌም በ2024 በጋ ይከፈታል፣ መጫወቱም በነጻ ይሆናል ተብሎ ነበር። ብቻችሁን አትጀምሩት፤ ሦስት ሆኖ መጫወቱ ይበልጣል፣ ሳቁም የሚመጣው ከዚያ ነው። እኔ ባለፈው እሑድ ለዚያች ጓደኛዬ ጻፍኩላት። ስለሌላው እንዴት እንደሚጀመር ስለጠፋኝ ስለ ጌሙ ጻፍኩ፣ ውሻውንም ጨምሬ። አይታዋለች፤ ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ይታያሉ። እስካሁን አልመለሰችም።