ለፖሊስ የተሰጠ የመሪ ብረት

ዜናው ሲነበብ ደስ ይላል። መኪና አምራች ኩባንያ ለከተማው ፖሊስ የመሪ መቆለፊያ ብረት በነፃ ሰጠ፤ ፖሊስም ለባለመኪኖች አደለ። ፎቶውም አይቀርም፦ ካርቶን፣ ዩኒፎርም፣ ፈገግታ። እኛ አገር «የርክክብ ሥነ ሥርዓት» የሚባለው ዓይነት። ታዲያ ይኼ ምን ክፋት አለው? ትሉን ይሆናል። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የገነነው አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ነው። በ2021 እዚያ ከተሰረቁት ከ10 ሺህ በላይ መኪኖች ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ኪያና ሂዩንዳይ ነበሩ። ሌቦቹ የኮሪያ መኪና ፍቅር ይዟቸው አይደለም። ኢሞቢላይዘር የሚባል ነገር አለ፤ ቁልፉ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ካላወቀ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ። ሁለቱ ኩባንያዎች እስከ 2021 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ከሸጧቸው በተራ ቁልፍ የሚነሱ መኪኖች አብዛኞቹ ይህ አልተገጠመላቸውም። በ2015 ሞዴል የሌሎች አምራቾች መኪኖች 96 በመቶው ኢሞቢላይዘር ይዘው ሲወጡ፣ የእነዚህ ሁለቱ 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያወጣው እዚያው አሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደጉሙት የጥናት ተቋም ነው። ልጆች አሠራሩን በቲክቶክ ሲቀባበሉት ስርቆቱ ከከተማ ከተማ ተዛመተ።

የሚገርመው ደግሞ ድንበር ተሻግሮ ካናዳ ያለው ነው። ካናዳ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ጀምሮ አዲስ መኪና ያለ ኢሞቢላይዘር እንዳይሸጥ በደንብ ስለከለከለች፣ እነዚሁ ኩባንያዎች እዚያ ገጥመው ሸጠዋል። አውሮፓም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። ስለዚህ ችግሩ የዕውቀት አልነበረም። ሕግ ባስገደደበት ገጠሙ፤ ባላስገደደበት አብዛኛውን ተዉት። ኩባንያዎቹ መኪኖቻችን የአሜሪካን የፀረ ስርቆት ደንብ ያሟላሉ ይላሉ። እሱስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ደንቡ ኢሞቢላይዘር ግጠሙ አይልማ!

እንግዲህ ስጦታው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ 2023 እንዳስታወቀው፣ ኩባንያዎቹ ከኖቬምበር 2022 ወዲህ 26 ሺህ የመሪ መቆለፊያ በ12 ግዛቶች ላሉ 77 የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ሰጥተዋል። ቁጥሩ በኋላ ጨምሯል። ግን በዚያው መግለጫ ላይ ሶፍትዌራቸው መታደስ አለበት የተባሉት መኪኖች 8 ሚሊዮን ከ300 ሺህ ነበሩ። እናስላው፦ ለአንድ ሺህ መኪና ሦስት ብረት። በዚያ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ስርቆት ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 ግጭቶችና 8 ሟቾች መዝግቦ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ብረቱን የተቀበለውን ሰው አንወቅሰውም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2023 ብቻ ከ6 ሺህ 800 በላይ መኪኖች ተሰርቀዋል፤ ከቀደመው ዓመት በ82 በመቶ ጨምሮ ማለት ነው። እዚያ ከተማና ዙሪያው ታክሲና ኡበር ከሚነዱት ስንቱ የኛው ሰው እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ለእነሱ መኪና ጌጥ አይደለም፣ እንጀራ ነው። ጠዋት ወጥቶ ባዶ አስፋልት ያገኘ ሰው የወሩ ቤት ኪራይ አብሮ ሄዶበታል። እንዲህ ላለ ሰው አንድ ብረትም ብትሆን ብረት ናት፤ ይውሰዳት።

እኛን የከነከነን በመሐል የቆመው ፖሊስ ነው። ብረቱን ተቀብሎ፣ አከማችቶ፣ ባለመኪኖችን አሰልፎ የሚያድለው በሕዝብ ገንዘብ ደመወዝ የሚከፈለው ፖሊስ ነው። የተሰረቀውን መኪና የሚያሳድደው፣ የግጭቱን መዝገብ የሚያጣራው፣ የ15 ዓመት ልጅ ይዞ ፍርድ ቤት የሚያቀርበውም እሱ ነው። የዚህ ሁሉ ሂሳብ ከብረቱ ዋጋ ጋር ይነጻጸራል? ፋብሪካ ውስጥ ያልወጣው ወጪ መንገድ ላይ ወጣ፤ ከፋዩ ግን ተቀየረ።

ከተሞቹ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ሲያትል በጃንዋሪ 2023፣ ኒው ዮርክ በጁን 2023 ሁለቱን ኩባንያዎች ከሰዋል። የክሱ ፍሬ ነገር የስርቆቱን ወጪ ሕዝብ ላይ ጭናችኋል የሚል ነው። አሁን አስቡት፦ አንድ ከተማ፣ ጠበቃው ኩባንያውን ሲከስ ፖሊሱ ከዚያው ኩባንያ ካርቶን እየተረከበ «እናመሰግናለን» ይላል። ጉቦ ነው አላልንም። ሕጋዊ ነው፣ በአደባባይ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን ዳኛ ፊት ባዶ እጅ መቅረብ ነውር በነበረበት ዘመን ለዚህ የሚሆን ቃል ነበራቸው፦ እጅ መንሻ። እጅ መንሻ የሚሰጠው ሰውዬ ፍርድ አይጠይቅም። ፊቱ እንዲታወስለት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ደግሞ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ጃጓር ላንድ ሮቨር የመኪና ስርቆትን ለመከላከል ለፖሊስ ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መመደቡን በ2024 አስታውቋል። ሬንጅ ሮቨር ለንደን ውስጥ ኢንሹራንስ የሚገባለት እስኪጠፋ ድረስ ይሰረቅ ነበር። እዚያ በ1996 የወጣው የፖሊስ ሕግ ስጦታም የንግድ ስፖንሰርም መቀበልን ይፈቅዳል። ይፍቀድ። ጋዜጠኝነት ስንማር አስተማሪዎቻችን ደጋግመው «ማን ከፈለ?» ብላችሁ ጠይቁ ይሉን ነበርና እንጠይቅ፦ የአሥር ዓመት አሮጌ ፎርድ የተሰረቀበት ሰው ስፖንሰሩ ማነው? ወደብ ላይ አንድ ፖሊስ ሁለት ኮንቴይነር ቢጠረጥርና የሚፈትሽበት ጊዜ ለአንዱ ብቻ ቢኖረው፣ የቱን ይከፍታል? ምናልባት ስጦታው ምንም አይለውጥ ይሆናል። ግን ጥርጣሬው ራሱ ለፖሊስ ውድ ነው።

የግል ገንዘብ ጨርሶ አይንካ የሚል ግትርነት የለንም። ሚሺጋን በ1986 ባወጣው ሕግ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዋስትና ለሚገቡለት ለእያንዳንዱ የቤት መኪና አንድ ዶላር እንዲከፍሉ አስገደደ። ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ፖሊስ፣ ኢንሹራንሶችና ኢንሹራንስ ገዢዎች የተወከሉበት ቦርድ ነው። ቴክሳስም በ1991 ተመሳሳይ ሥርዓት ዘረጋ። እዚያ ገንዘቡ የግል ነው፣ ፖሊስም ይጠቀማል፣ ግን ፎቶ የሚነሳ ሰጪ የለም። ሁሉም ይከፍላል፣ ፈልጎ አይደለም፣ ሲከፋውም አያቋርጥም። ባለ ሬንጅ ሮቨሩም ባለ አሮጌ ፎርዱም አንድ ዶላር ናቸው። አሰልቺ ነው፤ ለዜና አይሆንም። እኛ ግን ይኼኛውን እንመርጣለን።

ለነገሩ ኪያና ሂዩንዳይ ላይም ውጤት ያመጣው ግዴታ ነው። በሜይ 2023 ከባለመኪኖች ጋር ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ስምምነት ተደራደሩ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ከ35 ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ጋር ተስማምተው፣ የማስነሻውን ሲሊንደር የሚሸፍን የዚንክ መከላከያ በነፃ ለመግጠምና አሜሪካ ውስጥ ወደፊት የሚሸጧቸውን መኪኖች ሁሉ ኢሞቢላይዘር ለማስገባት ቃል ገቡ። ሁሉም ቢገጠምለት ወጪው ከ500 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያልፍ ተገምቷል። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ ከ2011 እስከ 2022 ባለው ሞዴል በቁልፍ የምትነሳ ኪያ ወይም ሂዩንዳይ የሚነዳ ከሆነ ደውሉለት። የመግጠሚያው ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ከኩባንያው የሚመጣውን ደብዳቤ ሳይከፍት እንዳይጥለው።