ዶላራችን በትንሹ አቃቂ ሲፈስ

ወገን! ከልደታ ወረድ ብላችሁ ትንሹ አቃቂን እዩት። እዩት ማለት ይቀላል፤ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን እናልፈዋለን፣ እኔም እንደዛው። ችግሩ ውሃው እኛን አያልፈንም። ታች ወርዶ ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው ይጠጣዋል፤ ከዛ በዘንቢል ተመልሶ እኛው ቤት ይገባል። የተረፈው አባ ሳሙኤል ገብቶ ወደ አዋሽ ይቀጥላል።

የቤት ፍሳሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቆዳ ፋብሪካዎችን ብቻ እንውሰድ። ቆዳ የሚለፋው በብዛት በክሮም ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ በዶላር ከውጭ ይገባል። በተለመደው አሠራር ከ100 ኪሎ ክሮም ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚሆነውን ቆዳው አይዘውም፣ ከውሃው ጋር ይወጣል። ካልተያዘ መጨረሻው ወንዝ ነው። ለመድኃኒት ዶላር ጠፋ በሚባልበት አገር፣ በዶላር የገዛነውን ወንዝ ውስጥ መድፋት ምን ይባላል?

መፍትሔው እኮ ሩቅ አይደለም። የክሮሙን ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ለይተህ ታጠራቅማለህ፣ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ትጨምርበታለህ፣ ክሮሙ ወደ ታች ይዘቅጣል። እናቱ ጠላ ስታጠል ያየ ሰው ይገባዋል። የላዩን ውሃ ቀድተህ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ ስታሟሟው መልሶ የማልፊያ ጨው ይሆናል። ከሌላው ከተቀላቀለ በኋላ ግን አለቀ! ዝቃጩ ለማሳ አይሆንም፣ ቢቃጠል ደግሞ ክሮሙ ወደ ባሰ መርዝ ሊለወጥ ይችላል።

እኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ ሁለተኛ ዓመቴን ቤት ቁጭ ብያለሁ። አንድ ፋብሪካ (ስሙን ልተወው) ሥራ ልጠይቅ ብሄድ «ማጣሪያው የሚነሳው ቁጥጥር ሲመጣ ነው፣ ሰው አንፈልግም» አሉኝ። እዛው ሳቅኩ። የተናደድኩት ታክሲ ውስጥ ነው።

እኛ አገር ተረፈ ምርት መልሶ መጠቀም አይታወቅም የሚል ካለ ቆራሌውን ይጠይቅ። ምናለሽ ተራ ሄዶ ይይ። የቢራ ፋብሪካ የገብስ አተላ የአዲስ አበባን ላሞች ሲቀልብ ስንት ዘመኑ!

ሕግ የለም እንዳትሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ መኖርን መብት አድርጎታል፤ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ከወጣም ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። ቆሼን እናስታውስ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። በ2010 እዛው ረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፣ ጥሩ ነው። ክሮም ግን ተቃጥሎ አይጠፋም፤ የሚያዘው ምንጩ ላይ ነው።

የምንጠይቀው ልመና አይደለም። ክሮሙን ለይቶ የማይዝ ፋብሪካ ቀነ ገደብ ይሰጠው፣ የፍሳሹ ምርመራ ውጤት በየወሩ ወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ማጣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ ደግሞ ሞልቷል፤ ቤቱ ተቀምጦ ይሄን እያነበበ ነው። ኬሚስትሪ፣ ኬሚካል ምህንድስና፣ አካባቢ ሳይንስ የተማራችሁ የልደታ ልጆች፣ ስማችሁንና የተመረቃችሁበትን ዓመት በውስጥ መስመር ላኩልን። ዝርዝሩን ይዘን የከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጋ እንሄዳለን።