«ሃርት አታክ» የሚባለው ስንት ሲደርስ ነው?

የልብ ዋናው የግራ ቧንቧ ሲጠብ ወይ ስቴንት ይገባል፣ ወይ ደረት ተከፍቶ ባይፓስ ይሠራል። ሁለቱም ልብን ትንሽ ይጎዳሉ። የተጎዳው ጡንቻ ትሮፖኒንና ሲኬ-ኤምቢ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃል። ታዲያ መጠኑ ስንት ሲደርስ ነው «ሃርት አታክ» የሚባለው? ጠቡ እዚህ ጋ ነው።

ኤክሴል የተባለው ጥናት 1,905 ሕመምተኞችን አወዳደረ፤ ወጪውን የቻለው ስቴንት አምራቹ አቦት ነው። ለሁለቱም ሕክምና እኩል ገደብ አስቀመጠ፦ በሲኬ-ኤምቢ፣ በአመዛኙ ከጤናማው ጣሪያ 10 እጥፍ። እኩል ሲሆን ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ግን ቀዶ ጥገናው ራሱ ልብን ስለሚነካካ ቁጥሩን ያንረዋል። ዓለም አቀፉ ትርጓሜ ለስቴንት 5 እጥፍ፣ ለባይፓስ 10 እጥፍ የሚለው ለዚህ ነው፤ ያውም ሌላ ማስረጃ ተጨምሮበት።

ቢቢሲ በ2019 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ሲያወጣው የአውሮፓ የልብና ደረት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ቧንቧ ሕክምና መመሪያ ላይ የነበረውን ድጋፍ አነሳ። ተመራማሪዎቹ ውንጀላውን አልተቀበሉም።

ሞት ግን እንዲህ ያለ ገደብ አይፈልግም። በ5 ዓመት ውስጥ ከስቴንቱ ወገን 13 በመቶ፣ ከባይፓሱ 9.9 በመቶ ሞተዋል። ተመራማሪዎቹ «ልዩነቱ በአብዛኛው ከልብ ውጪ በሆነ ምክንያት ነው» ባይ ናቸው፤ ቀዶ ሐኪሞቹን ግን አላሳመኑም።