ቀዩ ስለጠፋ ሕንፃው አይቆምም

ከጅሬን ኮረብታ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሆኖ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው ጅማ ወደ ላይ እያደገች ነው። ቡና ዋጋ ባወጣ ቁጥር በጅማም በአጋሮም ጂ+3 እና ጂ+4 ይጀመራል። ታች ሱቅ፣ ላይ ሆቴል። የአብዛኞቹ መነሻ በአንድ ላፕቶፕ ላይ የተሠራ የኢታብስ ሞዴል ነው።

ሶፍትዌሩ ቀላል ነገር አይደለም። በ1975 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በርክሌይ የተመሠረተ ኩባንያ ምርት ነው፤ የዱባዩ ቡርጅ ካሊፋም ተሰልቶበታል። በየጊዜው አዲስ ቨርዥን ይወጣል፣ አዲስ ነገር ይጨመርበታል። ወጣት መሐንዲሶችም "ቲፕስ" ይለዋወጣሉ። ክፋት የለውም።

ችግሩ ያለው በብዛት የሚፈለገው ቲፕስ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ጭነቱን የማይችል ኮለን ወይም ቢም ሲያገኝ በቀይ ያሳያል። "ይህ ኮለን አይችልም" ማለቱ ነው። ጥያቄው ግን "ለምን አልቻለም?" መሆኑ ቀርቶ "ቀዩን እንዴት ላጥፋው?" ሆኗል።

ማጥፊያው ሞልቷል። አንዱ የስንጥቅ ቅነሳውን መተው ነው። ኮንክሪት በርዕደ መሬት ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ዩሮኮድ 8 የተሻለ ስሌት ከሌለ ግትርነቱ በግማሽ ተቀንሶ እንዲሰላ ያዛል። ቁጥሩን 1 ላይ የተወ ሰው ሕንፃው በስክሪን ላይ ብዙም የማይወዛወዝ ሆኖ ይታየዋል። መሬቱ ግን ስክሪኑን አያይም።

ሌላው "ኪው" የሚባለው ቁጥር ነው። ከፍ ሲደረግ የርዕደ መሬቱ ኃይል ይወርዳል፣ ቀዩም ይጠፋል። ለተለመደ ባለ ብዙ ፎቅ ፍሬም እስከ 3.9 ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን ቁጥሩ ቃል ኪዳን አለው፦ በኮለኑ ጫፎች ስታፋው ይጠጋጋል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስክሪኑ ላይ 3.9 አስገብቶ ሳይት ላይ ስታፋውን አራርቆ ማሰር ያልከፈሉትን ዕዳ ተከፍሏል ብሎ እንደመፈረም ነው።

ሦስተኛው እነዚሁ ሱቅና ሆቴል ናቸው። ላይኛው ፎቅ በብሎኬት ግድግዳ ይሞላል፤ ታች ለሱቅ ሲባል ክፍት ይሆናል። ብሎኬቱ ሞዴሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው እንደ ክብደት ብቻ ነው። በእውነት ግን ላይኛውን ያጠነክራል፣ ንቅናቄው ሁሉ ምድር ቤቱ ኮለን ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ጥር 29 ቀን 2015 በቱርክ በደረሰው ርዕደ መሬት ከ50 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ከወደቁት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው ለሱቅ የተከፈተ ነበሩ።

አፈሩም አለ። የጅማ ብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሞዴሉ ግን ኮለኑ ንቅንቅ በማይል መሠረት ላይ እንደተተከለ አድርጎ ይጀምራል። ያንን የሚያስተካክለው ከመሬቱ ተቆፍሮ የሚወጣ ናሙና እንጂ አዲስ ቨርዥን አይደለም።

"ጅማ ምን ርዕደ መሬት አላት?" የሚል አይጠፋም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2003 በሆሳዕና አካባቢ የተነሳው ንዝረት ጅማ ድረስ ተሰምቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በድንጋጤ ሲሸሹ ተጎድተዋል። በ2017 በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ደግሞ አዲስ አበባን ከእንቅልፏ ቀስቅሷል።

መሐንዲሱ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። የፈቃድ ሶፍትዌር ዋጋ ከአቅሙ በላይ ነው። ባለቤቱ ለእምነበረድና ለመስታወት ሳይሰስት ለዲዛይን ሲሆን ይከራከራል፤ ለአፈር ምርመራማ "ጎረቤቴ ሳያስመረምር ሠርቶ የለ?" ይላል። በዚህ ክፍያ ሦስት ሌሊት ተቀምጦ የሚያጣራ ሰው መጠበቅ ከባድ ነው። ቢሆንም ፊርማው የእሱ ነው፤ ፎቁ ላይ የሚተኛው እንግዳ ክፍያውን አልተከራከረም።

ሕግ የለም እንዳይባል በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ከፍተኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ጂ+4 እዚያ ነበር። ግን በወረቀት የታተመ መቶ ገጽ ውጤት ተቀብሎ ማኅተም መምታት ማጣራት አይባልም። የታተመ ወረቀት ቀዩን እንዴት እንዳጠፉት አይናገርም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ማዘጋጃ ቤቶች ከወረቀቱ ጋር የሞዴሉን ፋይል ራሱን ይቀበሉ። የተቀየሩ ቁጥሮች ከነምክንያታቸው በአንድ ገጽ ይዘርዘሩ። የአፈር ምርመራ የሌለው ፋይል አይከፈት። ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ያለውን ሕንፃ ከዲዛይነሩ ጋር ጥቅም የማይጋራ ሌላ መሐንዲስ ይየው፤ ጅማ ውስጥ ምህንድስና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ እያለ ሰው ጠፋ አይባልም። መሐንዲሱም ቢያንስ አንድ ኮለን በእጁ አስልቶ ከፕሮግራሙ ጋር ያስተያይ።

ይህ ሁሉ ሥራ ያዘገያል የሚሉ አሉ። አዎ፣ ሁለት ሳምንት ያዘገያል። የወደቀ ሕንፃ ግን ስንት ዓመት ያዘገያል? ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ሲታይ ማረም የሚቻል ነገር አለ፤ ቀዩ መንገድ ላይ ሲታይ ግን የሚታረም ነገር የለም።