ውፍረት እስኪታይ መጠበቅ የለብንም፦ የታሸጉ መክሰሶችና የከተማ ሕፃናት ጤና

ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ በአዲስ አበባ በአነስተኛ ክፍያ ከሚያስተምር አንድ የግል ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው የሚያየው ትዕይንት በየሰፈሩ ተመሳሳይ ነው። ልጆች ወደ ግቢው ከመግባታቸው በፊት በአጠገቡ ወዳለው ሱቅ ጎራ ይላሉ። ከመስኮቱ ላይ እንደ መጋረጃ ከተንጠለጠሉት ባለቀለም ትንንሽ ከረጢቶች አንዱን ያስቆርጣሉ፤ ቺፕስ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ ወይም በፕላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ መጠጥ ይገዛሉ። እናቱ ወፍ ሲንጫጫ ለሥራ የወጣችበት ልጅ በኪሱ የያዘው ጥቂት ብር ቁርሱም መክሰሱም ነው።

ስለ «ጀንክ ፉድ» ሲነገር ግን በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ይህ ሱቅ አይደለም። የሚታሰበን በርገርና ፒዛ የሚቀርብበት ምግብ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በመኪና የሚመጣ ቤተሰብና ወፈር ያለ ልጅ ነው። ከዚህም የተነሣ ጉዳዩ የባለጸጎች ልጆች ችግር ተደርጎ ይወሰዳል፤ የአገሪቱ ትልቁ ሸክም ከሆነው የምግብ እጥረት ጋርም የማይገናኝ ቅንጦት ይመስላል። በእኔ እምነት ይህ ምስል የተሳሳተ ነው። በከተሞቻችን የታሸገው መክሰስ አስቀድሞ የሚጎዳው የሚበቃውን ምግብ ያላገኘውን ልጅ ነው፤ ጉዳቱም በሚዛን ላይ ከመታየቱ በፊት ይጀምራል። ስለዚህ ለምርምርም ሆነ ለእርምጃ የውፍረት አኃዝ እስኪያድግ መጠበቅ አይገባንም።

የምንነጋገረው ስለ የትኛው ምግብ ነው?

«ጀንክ ፉድ» የሚለው ስያሜ ለውይይት የሚመች ቢሆንም ለጥናት ልል ነው። የተሻለ መነሻ የሚሰጠን በብራዚል የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴይሮና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያዳበሩት «ኖቫ» የተባለው አመዳደብ ነው። ይህ አመዳደብ ምግቦችን በተሠሩበት ሂደት ዓላማና መጠን በአራት ይከፍላቸዋል። የመጨረሻው ምድብ «እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦች» የሚባለው ሲሆን፣ እነዚህም በአብዛኛው ከተጣራ ስታርች፣ ከዘይትና ከስኳር እንዲሁም በቤት ማድ ቤት ከማይገኙ የማቅለሚያ፣ የማጣፈጫና የማዋሃጃ ግብዓቶች በፋብሪካ የሚቀናበሩ ናቸው።

በዚህ መለኪያ ቆሎ፣ በሶ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሽሮ በአንድ ወገን፣ ቺፕስ፣ ክሬም ያለው ብስኩት፣ ለስላሳ መጠጥና ቶሎ የሚደርስ ኑድልስ በሌላ ወገን ይወድቃሉ። በመንገድ ዳር የሚጠበሰው ቦንቦሊኖ ወይም ሳምቡሳ የዘይትና የንጽህና ጥያቄ ቢያስነሣም ከፋብሪካው ምርት ጋር አንድ ላይ ሊቆጠር አይገባውም። ልዩነቱን ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ጥናቱም ሆነ ሕጉ ዒላማውን እንዳይስት ነው።

ትንሽ ሆድ፣ ጠባብ በጀት

የጉዳቱ አንዱ መንገድ የታወቀው ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኬቨን ሆልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሙከራ 20 ጎልማሶች ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ በአነስተኛ ደረጃ የተቀነባበረ ምግብ እንዲመገቡ ተደርጓል። የቀረበላቸው ምግብ በስኳር፣ በስብ፣ በጨውና በአሰር መጠኑ የተመጣጠነ ነበር። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ዓይነት ሲመገቡ በቀን በአማካይ 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምረው በልተዋል፤ ክብደታቸውም በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ኪሎ ገደማ ጨምሯል። ይህ ጥናት የተደረገው በጎልማሶች ላይ ስለሆነ በቀጥታ ለሕፃናት አይተረጎምም፤ ነገር ግን ምግቡ ራሱ ከሚገባው በላይ እንዲበላ የሚገፋፋ ባሕርይ እንዳለው ያመለክታል።

የስኳሩም ስሌት ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከምግብ የሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች ብቻ ከተጨማሪ ስኳር እንዲመጣ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። አንድ የ5 ዓመት ልጅ በቀን 1,300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል ብንል፣ የ10 በመቶው ጣሪያ 32 ግራም ያህል ስኳር ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ያህል ስኳር የያዘ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ይሆናል። ልጁ ከዚያ በኋላ የሚቀምሰው ብስኩትም ሆነ ከረሜላ ከጣሪያው በላይ ነው። የዚህ የመጀመሪያ ምስክር ጥርሱ ነው፤ ክብደቱ የሚናገረው ዘግይቶ ነው።

ለእኛ አገር ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም የቦታ መነጠቅ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ የድሃ ቤተሰብ የምግብ በጀትም ጠባብ ነው። በአንድ ከረጢት ቺፕስ የሞላ ሆድ ለእንቁላሉ፣ ለምስሩና ለጎመኑ ቦታ የለውም፤ ለከረጢቱ የወጣው ብርም ለእነርሱ አይመለስም። ልጁ ጠግቧል፤ ነገር ግን ለቁመቱና ለአእምሮው የሚያስፈልገውን ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ አላገኘም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በኔፓል የካትማንዱ ሸለቆ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ሕፃናቱ ከሚያገኙት ኃይል ሩብ ያህሉ ጤናማ ካልሆኑ መክሰሶችና መጠጦች እንደሚመጣ አሳይቷል። ከእነዚህ ምግቦች አብዝተው የሚመገቡት ሕፃናት በንጥረ ምግብ አነስ ያለ ምግብ የሚያገኙ፣ በቁመታቸውም ለዕድሜያቸው ያጠሩ ሆነው ተገኝተዋል። እኛ ከውፍረት ጋር ብቻ የምናያይዘው ምግብ እዚያ የታየው ከመቀንጨር ጋር ተያይዞ ነው።

መለኪያዎቻችን የማያዩት

ኢትዮጵያ መቀንጨርን በመቀነስ ረገድ ቀላል የማይባል መንገድ ተጉዛለች። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የቀነጨሩ ሕፃናት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዷል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም ግብ አስቀምጧል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን አኃዝ ያየ የፖሊሲ ባለሙያ «ጉዳዩ የእኛ አይደለም» ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ ያለው አኃዙ ምን እንደሚለካ በመዘንጋት ላይ ነው። ክብደትና ቁመት የብዙ ዓመት አመጋገብ ውጤት እንጂ የዛሬው ገበታ መልክ አይደሉም። በዚሁ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ የአመጋገብ ደረጃ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ምን እየበሉ እንደሆነ ግን አኃዙ አይነግረንም። እንዲያውም ከደረጃው መስፈርቶች አንዱ በሆነው የመመገቢያ ድግግሞሽ ውስጥ መክሰስም ስለሚቆጠር፣ አንድ ብስኩት የልጁን ውጤት ሊያሻሽል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻሉት የሕፃናት አመጋገብ መለኪያ የጣፋጭ መጠጦችንና ጤናማ ያልሆኑ ምግቦችን አጠቃቀም ራሳቸውን ችለው እንዲለኩ ያደረጉት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉ የዓለማችን ልጆች መካከል ከልክ ያለፈ ውፍረት ለመጀመሪያ ጊዜ ከክብደት ማነስ መብለጡን ገልጿል። ከዚህ ለውጥ ውጭ የቀሩት ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ናቸው። ይህን እንደ መልካም ዜና ብቻ ማንበብ ስሕተት ነው። በልጅነቱ የቀነጨረ ሰው በኋላ ክብደት ሲጨምር ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበልጥ ተጋላጭ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች ብዙ ናቸው። 37 በመቶ ሕፃናቱ የቀነጨሩበት አገር የእነዚህ ምግቦች ገበያ ሲስፋፋበት የሚከፍለው ዋጋ መቀንጨርን አስቀድሞ ካሸነፈ አገር የከፋ ይሆናል።

ሦስት መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው መቃወሚያ «ቅድሚያ ለረኃብ» የሚል ነው። ክብደት የሚሰጠው ሐሳብ ነው፤ ድርቅና ግጭት ባፈናቀላቸው አካባቢዎች ስለ ቺፕስ መወያየት አግባብ አይሆንም። ይሁን እንጂ በከተማ ያለው ደካማ አመጋገብ ከረኃብ የተለየ ሌላ ጉዳይ አይደለም፤ ንጥረ ምግብ አልባ ጥጋብም የምግብ እጥረት አንዱ መልክ ነው።

ሁለተኛው ምርጫው የወላጅ ነው የሚለው ነው። ነገር ግን ወላጅ የሚመርጠው ከቀረበለት ነው። ማለዳ ወጥታ ማታ የምትገባ እናት፣ ከሰል ማያያዣ ጊዜ የሌላት፣ የአንድ እንቁላል ዋጋ ከአንድ ትንሽ ብስኩት ዋጋ በልጦባት ለልጇ ብስኩቱን ብትይዝለት ቸልተኛ አያሰኛትም። ከረጢቱ አይበላሽም፤ አይፈስም፤ ልጁም ሳይበላው አይመልሰውም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን፤ የዛሬ ልጅ ዕድል ግን በከፊል በሱቁ መደርደሪያና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚወሰን ሆኗል።

ሦስተኛው ከእኛው ከተመራማሪዎች የሚመጣ ነው፦ ማስረጃው በቂ አይደለም። እውነት ነው፤ የካትማንዱው ጥናት በአንድ ጊዜ የተወሰደ ምልከታ በመሆኑ ምክንያትንና ውጤትን አይለይም። መክሰሱን የሚያበዛውም ቁመቱን የሚያሳጥረውም ድህነቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ሥራችንን የሚያሳየን እንጂ ዝም እንድንል የሚፈቅድልን ክርክር አይደለም። የአንድ ትውልድ ሕፃናት አድገው ማስረጃው እስኪሟላ መጠበቅም ራሱ ውሳኔ ነው፤ የውሳኔውንም ዋጋ የሚከፍሉት ያልተጠየቁት ሕፃናት ናቸው።

ምን ይደረግ?

መንግሥት በዚህ መስክ ባዶ እጁን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጦችን በብሮድካስት ማስተዋወቅን ከልክሏል፤ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ስኳር የተጨመረባቸውን መጠጦች ታክስ ይጥልባቸዋል። ለጤና ሲባል ማስታወቂያን መገደብና ዋጋን መጠቀም በአገራችን ሕግ ተቀባይነት ያገኘ መርሕ ነው ማለት ነው። የቀረው ይህንኑ መርሕ ለሕፃናት ተብለው ወደሚተዋወቁት ምግቦች ማስፋት ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ በበዛባቸው ምርቶች ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ፣ በትምህርት ቤት እንዳይሸጡና ለልጆች እንዳይተዋወቁ አድርጋለች፤ ከዚያ በኋላ ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍባቸው ጣፋጭ መጠጦች ግዢ በሩብ ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል።

ክልከላ ብቻውን ግን ለተራበ ልጅ ቁርስ አይሆንም። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚካሄደው የተማሪዎች ምገባ ትልቁ ትምህርቱ ይህ ነው፦ ሞቅ ያለ ምግብ ትምህርት ቤት የሚጠብቀው ልጅ ከሱቁ በር የሚቆምበት ምክንያት ይቀንሳል። በመግቢያው የጠቀስኳቸው የግል ትምህርት ቤት ልጆችና ገና ትምህርት ቤት ያልደረሱት ሕፃናት ግን ከዚህ ማዕድ ውጭ ናቸው። በየትምህርት ቤቱ በር ቆሎ፣ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡ እናቶችን ማደራጀትና ቦታ መስጠት ከብዙ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ የበለጠ ሊሠራ ይችላል፤ ይህም ሊፈተን የሚችል መላ ምት ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች ነው። ሕፃናትን ለጥቂት ዓመታት ተከትሎ መክሰሳቸውን፣ ቁመታቸውን፣ ደማቸውንና ጥርሳቸውን የሚመዘግብ የረጅም ጊዜ ጥናት በከተሞቻችን ያስፈልጋል። ያ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ አቅም የሚበዛ ከሆነ ከትንሹ መጀመር ይቻላል፦ በአንድ ትምህርት ቤት 500 ሜትር ዙሪያ ያሉ ሱቆች ምን እንደሚሸጡ፣ በስንት እንደሚሸጡና በጥቅሉ ላይ ምን እንደተጻፈ መቁጠር፤ ከዚያም የልጆቹን ምሳ ዕቃ ከፍቶ ማየት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ነው። የውፍረቱ አኃዝ ዛሬ ትንሽ መሆኑ ሥራውን የምናዘገይበት ሳይሆን ሥራው ገና በርካሽ የሚሠራበት ጊዜ መሆኑን የሚነግረን ምልክት ነው።